ሁለት ዓመት የተኛው የውሃ ሞተር

የሽንኩርት ችግኝ ቀጠሮ አይጠብቅም። መደብ ላይ ከተዘራ ከ45 እስከ 55 ባሉት ቀናት ውስጥ ወደ ማሳ ካልተዛወረ አንገቱ ይወፍራል፤ ቆይቶ ሲተከልም ኮረት ከመያዝ ይልቅ አበባ ለማውጣት ይቸኩላል። የጥቅምት ወር ሊጋመስ ሲል ከሐረር ከተማ ወደ ኤረር ሸለቆ ወርጄ ያገኘኋቸው አርሶ አደሮች ችግኝ 50ኛ ቀኑን አልፏል። ማሳው ታርሷል፤ ቦዩ ተቀድዷል፤ ወንዙም ገና ውሃ አለው። የጎደለው ውሃውን ከወንዙ አንስቶ ማሳው ላይ የሚያፈስ ሞተር ብቻ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ አይደለም። ለመስኖ ተጠቃሚ ማኅበሩ የተሰጠው ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ በመጋዘን ውስጥ፣ ከባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ጀርባ ሁለት ዓመት ተኝቷል። ቁልፉን ይዞ የነበረው ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ንብረቱን በፊርማ የተረከበ ሰው አልነበረም፤ አርሶ አደሮቹም የመንግሥት ንብረት ነው ብለው ለመንካት ፈሩ። በዚህ መካከል ሁለት የበጋ ወቅት አለፈ። የማኅበሩ ሰብሳቢ እንደነገሩኝ፣ በእነዚህ ሁለት በጋዎች አቅም ያለው አባል ከግለሰብ ሞተር ተከራይቶ ሲያጠጣ፣ አቅም የሌለው ማሳውን ጦም አሳድሯል።

ሞተሩ በሁለት ሰው ትከሻ ወንዙ ዳር ሲደርስ አንድ ወጣት መጀመሪያ የያዘው ማስነሻ ገመዱን ነበር። ከሐረር አብሮን የወረደው የሞተር ጠጋኝ "አቦ ተው!" ብሎ ጮኸበት። ገመዱ የሚሳበው መጨረሻ ላይ ነው። ለወራት የቆመ ሞተር ውስጥ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሸፍን የነበረው ዘይት ወደ ታች ፈስሶ ያልቃል፤ እርጥበት የነካው ብረት ቀይ ዝገት ያወጣል፤ የፒስተኑ ቀለበቶች (ጠጋኞቻችን ፋሻ የሚሏቸው) ከግድግዳው ጋር ይያያዛሉ። በዚያ ሁኔታ ላይ እንዳለ በጉልበት የተሳበ ገመድ ሲሊንደሩን ይፍቃል። ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ከዚያ በኋላ ዘይት የሚበላና ጭስ የሚተፋ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቻችን ያረጀ የምንለው ሞተር በሥራ ብዛት ያረጀ ሳይሆን በአንድ ጠዋት ችኮላ የተጎዳ ነው።

ስለ ሞተር መተኛትና መነሳት ሲወራ በሐረር አካባቢ ሐረማያን ሳያነሱ ማለፍ ያስቸግራል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረርና ለአጎራባች ከተሞች የመጠጥ ውሃ፣ ለዙሪያው አርሶ አደር ደግሞ የመስኖ ምንጭ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ለዚህም ከተራሮቹ ታጥቦ የወረደው ደለል፣ የደኑ መመናመን፣ የከተሞቹ የውሃ ፍላጎት፣ በዙሪያው የተተከሉት ሞተሮች ያለ ልክ መሳባቸው ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ሐረርም ፊቷን ወደ ድሬዳዋ በኩል አዙራ ከሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ በረጅም መስመር ለማስመጣት ተገደደች። ሐይቁ ሲሄድ ሞተሮቹ ወደ ጓዳ ገቡ፤ አንዳንዶቹም በደረቀው ወለል ላይ ወደተቆፈሩት ጉድጓዶች ወረዱ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውሃው ተመልሶ ሲታይ ደግሞ ከጓዳ የሚወጣው ሞተር ብዙ ሆነ። ያንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሞተር ማስነሳትን እንደ ጥገና ጉዳይ ብቻ አያየውም። እዚህ ግን ስለ ጥገናው ነውና ወደ ኤረር ልመለስ።

ጠጋኙ መጀመሪያ የተጠቀመው ካቻቢቴ ነው። በማስነሻ ገመዱ በኩል ያለውን ሽፋን ሲፈታው ከውስጥ የበቆሎ ሽፋንና የተበጣጠሰ ከረጢት ወጣ፤ አይጥ ቤቷን ሠርታበታለች። በጭስ ማውጫው (ማርሚታው) አፍ ላይ ደግሞ ተርብ ጭቃዋን ለጥፋለች። አርሶ አደሮቹ ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። እነዚህ ትናንሽ ሞተሮች እንደ መኪና ራዲያተር የላቸውም፤ የሚቀዘቅዙት በውስጣቸው ያለው ማራገቢያ በብረት ክንፎቻቸው መካከል በሚያሳልፈው ነፋስ ነው። ክንፎቹ በአይጥ ጎጆ የተደፈኑበት ሞተር ጠዋት በደንብ ይነሳል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ከዚያ በሙቀት ይነክሳል። ስለዚህ አልነሳም ካለው ይልቅ ጎጆውን ይዞ የተነሳው የበለጠ ያከስራል።

የአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) ስፖንጅ እጁ ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ማጣሪያ ሳይኖር አንድ ቀን እንኳ ማሠራት የኤረርን አቧራ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ መዝራት ነው። በዚያ ቀን መለዋወጫ ስላልነበረ ንጹሕ ስፖንጅ በልኩ ተቆርጦ፣ በሞተር ዘይት ርሶ፣ በደንብ ተጨምቆ ገባ። ይህ ለጊዜው ነው፤ ትክክለኛውን ከሐረር መግዛት የማኅበሩ ሥራ ሆኖ ተመዘገበ። በእጅ ተጨምቆ የሚመለስ ማጣሪያ በየ50 የሥራ ሰዓቱ መታጠብ አለበት፤ አቧራማ በሆነ ቦታ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ።

ቀጥሎ ዘይቱ ተፈተሸ። ወተት መስሎ ቢገኝ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር። ጥቁር እንጂ ወተት አልነበረም፤ ቢሆንም ተደፋ። በቆመ ሞተር ውስጥ የቆየ ዘይት ከቃጠሎ የተረፈ አሲድና እርጥበት ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ብዙም ሳይሠራ ቢቆይ እንኳ ዕድሜው ያልቃል። በአካባቢያችን የተለመዱት 5.5 እና 6.5 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተሮች፣ የሆንዳም ሆኑ በእርሱ አምሳል የተሠሩት፣ የሚይዙት 0.6 ሊትር ያህል ነው። ከአንድ ሊትር ጣሳ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ያህል ትንሽ ዘይት ነው ለሰዓታት በሙሉ ኃይል የሚሠራን ብረት የሚጠብቀው። አዲስ ሞተር ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ 20 የሥራ ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ መቀየር አለበት። ወረዳዎች ሞተር ሲያከፋፍሉ ይህችን ቁጥር በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፈው ታንከሩ ላይ ቢለጥፏት ወጪው ከአንድ ወረቀት አይበልጥም ነበር።

ካንዴላው ተፈታ። በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ገባ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ተጠበቀ። ወጣቱ አሁን ገመዱን እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ግን በቀስታ፣ ካንዴላው ወጥቶ እንዳለ። ካንዴላ በሌለበት ሞተሩ አየር አያምቅም፤ ስለዚህ ገመዱ ይቀላል፤ ዘይቱም በግድግዳው ላይ ይዳረሳል። ገመዱ ጨርሶ አልንቀሳቀስ ቢል ኖሮ መፍትሔው መዶሻ አልነበረም። ትንሽ ዘይት ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ በካንዴላው ቀዳዳ ይገባና ያድራል፤ በማግስቱ በእጅ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይለቀቃል። ለሁለተኛ ሌሊት ማደር ካለበትም ያድር። የኤረሩ ግን በመጀመሪያው ለቀቀ። ገመዱ ራሱ መሐል ላይ በስብሶ ስለነበር ሊበጠስ ሲል ተቀየረ፤ ይህን ቀድሞ ያላየ ሰው ገመድ ሲበጠስበት ወደ ኋላ ወድቆ ድንጋይ ያገኘዋል።

የካንዴላው ጫፍ በጥላሸት ተሸፍኖ ነበር። ተጠረገ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስተካከለ። ጠጋኙ በዓይኑ ነው የለካው፤ እኔ አልመክርም፤ መለኪያዋ ርካሽ ናት። ብልጭታውን ለማየት ካንዴላው ከገመዱ ጋር ተያይዞ ብረቱ የሞተሩን አካል ይነካና ገመዱ ይሳባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ይህ የሚደረገው ቤንዚን ከመቀዳቱ በፊት፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ ብሎ ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ትነት በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ሰማያዊ ብልጭታ ታየ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደው ቤንዚኑ ነው። በታንከሩ ውስጥ ሁለት ዓመት የቀረው ቤንዚን ሽታው ቤንዚን ቤንዚን አይልም ነበር፤ የቀለም ቤት ሽታ ነው ያለው። ቤንዚን እንደ ማር ተቀምጦ የሚጣፍጥ ነገር አይደለም። በቀላሉ የሚቀጣጠለው ክፍሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ይተንናል፤ የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ወደ ሙጫ ይለወጣል። የሙጫው መኖሪያ ደግሞ ካርቡሬተሩ ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ስኒ በ10 ቁጥር መፍቻ ሲፈታት ከታች አረንጓዴ ዝቃጭ ተገኘ። ቤንዚን የሚያልፍባት የነሐስ ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማትሰፋ ስለሆነች፣ አንዲት የሙጫ ቅንጣት ትበቃታለች። ጠጋኙ ቀዳዳዋን በሽቦ አልወጋትም። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፎ፣ በብስክሌት መንፊያ በአየር ገፋት፤ በመጨረሻ በቀጭን የናይለን ክር ጠረጋት። በብረት ሽቦ የሰፋች ቀዳዳ ሞተሩን ከሚገባው በላይ ቤንዚን ታጠጣዋለች። ጭሱ ጥቁር የሆነበት፣ ነዳጁ የበዛበት አርሶ አደር ካርቡሬተሩ ቀድሞ በማን እጅ እንዳለፈ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ነዳጁን በተመለከተ ለወረዳ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልበል። በብዙ አካባቢ ማደያዎች ያለ ድጋፍ ደብዳቤ በጀሪካን አይቀዱም። ሕገ ወጥ የነዳጅ ንግድን ለመከላከል ሲባል የተደረገ ነውና ምክንያት አለው። ችግሩ ደብዳቤው ሲዘገይ ነው። ችግኝ እየጠበቀው ያለ አርሶ አደር ከመንገድ ዳር በውሃ ጠርሙስ የሚሸጠውን ይገዛል፤ እርሱ ደግሞ በነጭ ጋዝ ይቀላቀላል፤ ከዚህ አለፍ ሲልም ውሃ ይገባበታል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቤንዚን ሞተሩን በሙቀት ያሠቃየዋል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ጠዋት አያስነሳውም። አርሶ አደሩም ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ከተማ ተሸክሞ ይመጣል። ደብዳቤ አግኝቶ አንዴ ብዙ የቀዳው ደግሞ የሦስት ወር ነዳጅ በቢጫ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል፤ እርሱም ይበላሻል። የመስኖ ወቅት ከመግባቱ በፊት በመስከረም ደብዳቤው ቢዘጋጅና በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢቀዳ ሁለቱንም ያስቀራል። የተጠራጠሩትን ቤንዚን ለመፈተን በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድቶ ለአንድ ሰዓት ማቆም ነው፤ ውሃ ካለው ወደ ታች ይወርድና ድንበር ሠርቶ ይታያል። ነጭ ጋዝን ግን በዚህ አያገኙትም። ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ሲጣል ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ሲጠፋ፣ የተቀላቀለበት ቅባታማ ምልክት ትቶ ይቆያል።

አሁን ፓምፑ ቀረ። ብዙዎች ሞተሩን ብቻ አክመው ውሃ ገፊውን ክፍል ይረሳሉ። በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ እንዳይሾልክ የሚያደርግ ሲል አለ፤ ሁለት ለስላሳ ገጾች ተገጣጥመው የሚዞሩበት ነው። ለረጅም ጊዜ ደርቆ ሲቆም ገጾቹ ይጣበቃሉ። ከዚህ የተነሳ ፓምፑ ውስጥ ቀድሞ ውሃ ሞልቶ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም ገመዱን በቀስታ አንድ ሁለቴ መሳብ ያስፈልጋል። ያለ ውሃ ከተነሳ ሲሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ሲል የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ የሌለው ፓምፕ እስቲ ልሞክረው ተብሎ የሚነሳ ዕቃ አይደለም።

በዚህ ላይ የጀልባ ሞተር ወንድሙ ነው። በጣና፣ በዝዋይ ወይም በጫሞ ለዓሣ ማስገሪያና ለሰው ማመላለሻ የሚያገለግሉት ከጀልባው ኋላ የሚታሰሩ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በሐይቁ ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚስብላቸው ትንሽ የጎማ ክንፍ አላቸው። እርሱም ለብዙ ወራት ሲቆም ይደርቅና ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ይቀራል። ስለዚህ ከማረፊያ የወጣ የጀልባ ሞተር በየብስ ላይ አይነሳም፤ እግሩ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ይነሳል፤ ከጎኑ የምትወጣው ቀጭን የውሃ ምንጭ ካልታየችም ወዲያው ይጠፋል። ባለ ሁለት ምት ከሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ 50 ለ1 ናቸው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ያለ ዘይት የቆየ ቤንዚን ከፓምፕ ጀሪካን ወደ ጀልባ ሞተር የገለበጠ ሰው ሞተሩን በዚያው ቀን ይቀብረዋል። የእኛ ባለ አራት ምት ፓምፕ ደግሞ በተቃራኒው ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለቱ በአንድ መጋዘን በሚገኙበት ቦታ ጀሪካኖቹ ላይ መጻፍ የግድ ነው።

ሁሉ ተገጠመ። አዲስ ዘይት፣ አዲስ ቤንዚን፣ ፓምፑ ውሃ ሞልቷል። የነዳጅ መክፈቻው ተከፈተ፣ የአየር መዝጊያው (ቾኩ) ተዘጋ፣ ገመዱ ተሳበ። ምንም። እንደገና። ምንም። አንድ አምስት ጊዜ ያህል ከተሳበ በኋላ ከቆሙት መካከል ኮይሉ ተቃጥሏል የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌላው ደግሞ ስለ ዋጋው ማስላት ጀመረ። ጠጋኙ ዝም ብሎ ሞተሩን አየው። ከዚያ ሁለት ሰዎች አንስተው ከተዳፋቱ ወደ አንድ ዝርግ ድንጋይ እንዲያዛውሩት ነገራቸው። በሁለተኛው ስበት ተነሳ።

ነገሩ ምትሃት አልነበረም። በእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ውስጥ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚያቋርጥ ትንሽ ጠባቂ አለ። ሞተሩ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ጠባቂውም ዘይት የለም ብሎ ይፈርዳል። ገመድ ሲሳብ ብልጭታ አይኖርም። ሐረር ውስጥ ያለ ጥፋታቸው ኮይል የተቀየረላቸው ሞተሮች ስንት እንደሆኑ ጠጋኙን ጠየቅሁት፤ ሳቀና መልስ ሳይሰጠኝ አለፈ። ከዚህ ጋር ሌላ ቀላል ነገር አለ። ቀዩ የማጥፊያ ቁልፍ "ጠፍቷል" ላይ ሆኖ ገመድ ሲሳብ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ማፈር አያስፈልግም፤ መጀመሪያ እርሱን ማየት ነው።

ሞተሩ ጮኸ፤ ሸለቆው አስተጋባ። ሐረር ከመኪና ድምፅ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት። በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እዚህ ወንዝ ዳር ግን ድምፁ ብቻ ነበር፤ ውሃ አልወጣም። መምጠጫ ቱቦው በሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ሞተሩ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ቱቦው በእጅ እየተዳሰሰ ሲታይ አይጧ እዚያም ደርሳለች። ቀዳዳው በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተጠብቆ ታሰረ፤ የቱቦው መጋጠሚያ በሽቦ ጠበቀ፤ ፓምፑ እንደገና ውሃ ተሞላ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ መጣ። በመምጠጫ በኩል ያለች የመርፌ ቀዳዳ ውሃ አታፈስም፤ አየር ነው የምታስገባው። ስለዚህ በዓይን አትታይም፤ ብዙ ሰውም ፓምፑን ይወቅሳል።

አንድ ሌላ ጉዳይ በአካባቢያችን ላይ ልዩ ክብደት አለው። ፓምፕ ውሃን የሚስብ ቢመስልም በእውነቱ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ አምራቾቹ ከ7 እስከ 8 ሜትር ጥልቀት ይስባል ይላሉ። ሐረር ከተማ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ በ1,885 ሜትር ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቷል። ስለዚህ በደጋው አካባቢ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ መሳብ ያስቸግራል። የሞተሩም ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሐረር ከፍታ ላይ ከተጻፈለት ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። በወረቀቱ ላይ በደቂቃ እስከ 1,000 ሊትር የሚል ባለ 3 ኢንች ፓምፕ በድሬ ጠያራ ያንን አልሰጥም ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኤረር ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሻላል።

ይህ የጥልቀት ወሰን ነው ሰውን ወደ ሞት የሚወስደው። ውሃው ሲርቅ አርሶ አደሩ የሚያደርገው ሞተሩን ውሃው ወዳለበት ማውረድ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ፣ በገመድ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይሞላል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማዞር፣ ከዚያ የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ ሰውየው መውጣት እንዳለበት ሲገባው እግሩ አይታዘዘውም። ሊያወጣው የወረደውም እንዲሁ ይቀራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ጠፍቷልና ልውረድ የሚለው ስሌት አይሠራም። የጭስ ማውጫውን በቱቦ ወደ ላይ ማውጣትም አስተማማኝ አይደለም፤ አንዲት መጋጠሚያ ብትላቀቅ ይበቃልና። ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም። የወደቀ ሰው ካለ ማንም ሳይወርድ ከላይ በገመድ የሚወጣበትን መንገድ መፈለግና እርዳታ መጥራት ነው። ውሃው ከ6 ሜትር በታች ከወረደ የሚያዋጣው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ፓምፕ ነው። ለወረዳ ባለሙያ ይህን በቃል መናገር ብቻ በቂ አይመስለኝም። ሞተር የሚሰጥበት ውል ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሊወርድ እንደማይችል ይጻፍና ተረካቢው ይፈርምበት።

ናፍጣ ሞተር ያላቸው አርሶ አደሮችም በዚያ ቀን መጥተው ነበር። ለእነርሱ የተነገረው አጭር ነው። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው በነዳጅ መስመሩ የገባ አየር ነው። ማጣሪያው ላይ ያለው ብሎን ላላ ተደርጎ አረፋው እስኪያልቅ ናፍጣ ይፈሳል፤ ከዚያ ይጠብቃል። በታንከሩ ሥር የተጠራቀመው ውሃም ቀድሞ ይደፋ።

የመጋዘኑን ነገር በደንብ ያየሁት ስንመለስ ነው። እዚያው ሌሎች ሁለት ሞተሮች አሉ፤ አንዱ ከካርቶኑ ሳይወጣ። በሁለቱም ላይ የመመሪያ መጽሐፉ በፕላስቲክ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው። ክልሉ ካሉት ዘጠኝ ወረዳዎች ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ የገጠር ናቸው። በሦስት የገጠር ወረዳ ውስጥ ያለን ሞተር ሁሉ አንድ ሳምንት ወስዶ መቁጠርና መሞከር የሚያቅት አይመስለኝም። የሞተሩ ቁጥር፣ የተረካቢው ስም፣ የመጨረሻው የዘይት ቅያሪ ቀን፤ ሦስት ዓምድ ያለው መዝገብ ነው የሚፈልገው። ጠጋኙ ሌላም ሐሳብ ሰጠኝ። በየማኅበሩ አንድ ወጣት ለሦስት ቀን ከተማ መጥቶ ከእርሱ ዘንድ ቢውል ካርቡሬተር ማጠብ ይማራል፤ ለዚህ ክፍያ አልጠይቅም ብሏል። ያለ ክፍያ ያለበት ምክንያት ምናልባት ደንበኛ ለማብዛት ይሆናል፤ ቢሆንም ሐሳቡ ጥሩ ነው።

በሰኔ ሞተሩ ተመልሶ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ሰብሳቢው ጠጋኙን ጠየቁት። እርሱም ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ መክፈቻውን እንዲዘጉና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን አልቆ ራሱ እስኪጠፋ እንዲተዉት ነገራቸው። የታንከሩ ቤንዚን ወደ ሞተር ብስክሌት ይገለበጣል። ዘይቱ ገና ትኩስ ሳለ ይቀየራል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ገብቶ ገመዱ በቀስታ ይሳባል፤ ከበድ ብሎ ሲይዝ እዚያው ይተዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ባልቦላዎች ተዘግተዋልና እርጥበት አይገባም። የፓምፑ ሆድ ያለው ውሃ በሥር ብሎኑ ይለቀቃል። በፕላስቲክ መጠቅለል ላብ ስለሚፈጥር አይመከርም፤ ጆንያ ይሻላል። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ፣ ከእህል ርቆ ይቀመጥ፤ እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም። በሁለት ወር አንድ ጊዜ ደግሞ የሆነ ሰው ገመዱን በእጁ ያዙረው። ሰብሳቢው ይህን ሁሉ በትንሽ ደብተር ጻፉ፤ ቁልፉ ከማን ጋር እንደሚሆን ግን በዚያ ቀን አልተወሰነም።

ስንለያይ ውሃው ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ችግኙን ከመደቡ እየነቀሉ በእቅፍ ያመጣሉ፤ ቅጠሉ ከአንድ ሦስተኛው ላይ ተቆርጧል። ከፓምፑ ሲል ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠጋኙ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሆነ ቆጥሮ ለአንድ ሳምንት ይቆያል አለ። አዲሱ ሲል ሐረር ይገኛል። ሐሙስ ገበያ የሚወጣ አንድ አባል እንዲያመጣው ገንዘብ ተዋጣ።